ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ

ወይንሸት ጠዋት የጽሑፍ ቤቱን የብረት በር ስትከፍት መጀመሪያ ፊቷን የነካት ሙቀት ነው። አሰላ ውስጥ በማለዳ ከተዘጋ ሱቅ ሙቀት አይወጣም። በሩን እንደያዘች ቆመች።

አሠሪዋ ፈይሩዛ አግዳሚ ወንበሩ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ጋቢ ለብሳለች፤ ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ አስቀምጣዋለች። ከእግሯ አጠገብ አመድ የሞላ የከሰል ምድጃ አለ። የመስኮቱ ስንጥቅ በራሷ ሻርፕ ተወትፏል። ኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ነጭ ገጽ ተከፍቷል።

«ፈይሩ፣ ተነሺ» አለች ወይንሸት። ደገመችው። ከዚያ ጮኸች።

ኢንስፔክተር ኢብሳ ሲደርስ ሰው በሩን ከቦታል። ኢብሳ የአርሲ ልጅ ነው፤ አርባውን ያለፈ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ረዳቱ ሳጅን ሮሐ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ናት፤ እሷ ቶሎ ትናገራለች።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?» ብሎ ወይንሸትን ጠየቃት።

«አዎ። በእኔ ቁልፍ ነው የከፈትኩት።»

«የእሷ ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነው» አለች ሮሐ። «እንግዲህ በሩን ዘግታ፣ መስኮቱን ወትፋ፣ ከሰሉን…» አልጨረሰችውም።

ኢብሳ ወደ ውጭ ወጥቶ በሩን ሳበው። ቁልፉ ቀጭ አለ። «ሲሳብ በራሱ ይቆለፋል። ሰው ወጥቶ ሊዘጋው ይችላል።»

«ወይም ማንም አልወጣም» አለች ሮሐ።

ከቀብሩ በኋላ ከተማው ፍርዱን ሰጠ። ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ ግን ለቅሶ ቤቱ ሳሳ። መጥተው የነበሩ ጎረቤቶች አልተመለሱም። ራሷን ከሆነ ያጠፋችው እናቷን ምን ብለን እናጽናና አሉ። የኢብሳም አለቃ ፋይሉ ቶሎ ይዘጋ አለ።

በማግስቱ የፈይሩዛ እናት አዴ ሀሊሜ ስንቄያቸውን ይዘው ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። ስንቄ የአርሲ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። በደል የደረሰባት ሴት እሱን ይዛ ከቆመች ሳይሰሟት ማለፍ ነውር ነው። አዴ ሀሊሜ አልጮኹም፤ አላለቀሱም። ጉም ለብሰው ቆሙ። የጣቢያው ፖሊሶች በጓሮ በር መውጣትና መግባት ጀመሩ።

ኢብሳ በፊት ለፊት ወጣ።

«አዮ፣ እናቴ፣ ብርድ ነው። ይግቡ።»

«አልገባም። ልጄ ራሷን አልገደለችም።»

«ገና አልጨረስንም።»

«አለቃህ ፋይሉ ይዘጋ ብሏል።»

«ማን ነገረዎት?»

«በር ላይ የቆመ ሰው ይሰማል። አንተ ልጅ፣ ፈይሩዛ ደረቷ እየተዘጋ ነው ያደገችው። እኔ ከሰል ካቀጣጠልኩ እሷ በብርድ ውጭ ትቀመጣለች። መሞት ብትፈልግ እንኳ ከሰል አትነካም።» ስንቄውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ሰው ቤቴን እየዞረ ያልፋል። የሞተችው አልበቃ ብሎ ስሟን ቀበሩት። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። እስክትነግሩኝ እዚህ ነኝ።»

ምርመራው በወይንሸት ተጀመረ። ፈይሩዛ ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ገዝታ ነበር። ጠዋት አንድ ደንበኛ ላይ ጮኸች።

«ለምን?»

«የጤና ጣቢያ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሥሪልኝ አላት። ሄደሩን፣ ማለቴ የመሥሪያ ቤቱን ስምና አርማ ገጹ አናት ላይ አድርጊልኝ ብሎ። እሷ የብዙ መሥሪያ ቤት ሄደር ሠርታ አስቀምጣለች፣ ግን ለማንም አትሰጥም። አባረረችው። ሲወጣ ‹ሌላ ቦታ እኮ የአንቺኑ ሄደር ይሠሩልኛል› አላት። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። እኔ ልጄን አሞብኝ በምሳ ሰዓት ወጣሁ። ሌላ አላውቅም።»

ቀጥሎ ፊሊጶስ መጣ። በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኗት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነው። ደንበኛ በመቀማማት ተጣልተው ያውቃሉ። ምድጃው ሲቀርብለት ላበው።

«ያንተ ነው?»

«ዕቃው የእኔ ነው።»

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ?»

«ብናገር ምን ትሉኝ ነበር? ይኸው እያላችሁኝ ነው!» እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ጢሱ እስኪያልቅ ደጅ አቀጣጥዬ አስቀመጥኩት። ኮፒ የሚያደርግ ሰው መጣ፣ ገባሁ፤ ስመለስ የለም። ሌባ ነው አልኩ። አሰላ እኮ ነው ጌታዬ፣ እዚህ የተቀጣጠለ ምድጃ ይሰረቃል።»

ሮሐ ሳቋን ዋጠች። ኢብሳ አልሳቀም፤ ከተማውን ለቀህ እንዳትሄድ አለው።

በፈይሩዛ ስልክ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው ጋ ተደውሏል። አንዱ ሀሰኖ የሚባል ታፔላ ጻፊ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ ስልኩ አይነሣም። ሌላው ሙንተሲር ነው። ሙንተሲር ጽሑፍ የተማረው ከፈይሩዛ ነው፤ አሁን ሳጉሬ የራሱ ጽሑፍ ቤት አለው። ሰው ሲሳሳ ለቅሶ ቤት የቀረው እሱ ነበር፤ እንግዳ እጅ የሚያስታጥበውም እሱ። አዴ ሀሊሜን «አዮ» ይላቸዋል።

«ቀለም አለህ ወይ ብላ ነው የደወለችው» አለ ቀስ ብሎ። «የለኝም አልኳት። ያን ቀን ሱቄ ቁጭ ብዬ የትምህርት ቤት ፈተና ስጽፍ ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት አስረክቤያለሁ።»

«መብራት ነበር?»

«ነበር።»

ትምህርት ቤቱ ተጠየቀ። ፈተናው በማግስቱ ጠዋት እጃቸው ገብቷል። ኢብሳ የሙንተሲርን ስም ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ላይ ሰረዘው።

አረፋ አለፈ። አዴ ሀሊሜ በበዓሉም ቀን ቆመው ዋሉ።

ከበዓሉ በኋላ ሩዋይዳ የምትባል መምህርት ከሮቤ መጣች። ከፈይሩዛ ጋር አብራ የተማረች ናት። ከቦርሳዋ በስቴፕለር የተያያዘ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

«የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ነው። ቀኑን እዩት፤ የዚህ ሳምንት ነው። አሁን ግለጡት።»

ኢብሳ ገለጠ። ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ በትንሹ፣ በግራጫ ቀለም እንዲህ ይላል፦ ሀሊሜ የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ አሰላ። በፈይሩዛ ተጻፈ።



«ሀሊሜ የሚባል ጽሑፍ ቤት አሰላ ውስጥ የለም» አለች ሮሐ።

«የለም» አለች ሩዋይዳ። «የእሷ ቤት ፈይሩዛ ነው የሚባለው። ሀሊሜ እናቷ ናቸው።»

«ይህን ማን ጻፈው?»

«የእኛ ጸሐፊ። ወላሂ እኔ አልጻፍኩም ብላ ስታለቅስ ነው የተውኳት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምንም የለም። ሁለተኛው ላይ ብቻ።»

ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹ በየቦታው ታዩ። ከአቦምሳ አንድ የእድር ደንብ መጣ። አንድ ባጃጅ ነጂ የመኪና ሽያጭ ውል ይዞ መጣና ጣቢያው ጥሎት ሄደ፤ ቤቴ አላሳድረውም አለ። ሁሉም ላይ የመጀመሪያው ገጽ ንጹሕ ነው፤ ከሁለተኛው ግርጌ ግን ያቺው መስመር አለች። ሰው ሁለት ገጽ ማጻፍ ፈራ። ያረፈችበት አልተመቻትም፣ የእናቷን ስም እየጠራች ትዞራለች ተባለ።

አዴ ሀሊሜ ኢብሳን በሩ ላይ ያዙት። «ስሜን ትጠራለች አሉኝ። እውነት ነው?»

«ስምዎ ወረቀት ላይ አለ። ማን እንዳስቀመጠው አላወቅኩም።»

«እኔ ማንበብ አልችልም። እሷ ታውቃለች። ለምን በማላነበው ነገር ትጠራኛለች?»



የታሸገው ጽሑፍ ቤት ተከፈተ። የአመዱ ሽታ አሁንም አለ። ሮሐ ኮምፒውተሩን አበራች፤ ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ መግባት እምቢ አለች። ሮሐ አዲስ ባዶ ገጽ ከፈተች። ምንም የለበትም፤ ግርጌው ላይ ስልክ ቁጥር ብቻ። መስመር እያዘለለች ወደ ታች ወረደች። ገጹ አልቆ ሁለተኛው ሲመጣ የእናትየው ስም ከታች ብቅ አለ።

ወይንሸት ፊቷን ሸፈነች።

«መንፈስ አይደለም» አለች ሮሐ። «ፉተር ነው። ኮምፒውተሩ የሚከፍተው ባዶ ገጽ ሁሉ ይህ ግርጌ እንዲኖረው አድርጋ አስተካክላዋለች። የመጀመሪያውን ገጽ ደግሞ ለብቻው ለይታዋለች፤ እዚያ ስልኳ ብቻ ነው። አንዱን ብታጠፋው ሌላው አይጠፋም።»

«ወይንሸት፣ አንቺ ስትወጪ ግርጌው ማን ይል ነበር?»

«ፈይሩዛ! ጠዋት ራሴ ስጽፍበት ነበር፤ ፈይሩዛ ነው የሚለው።»

ሮሐ ፋይሉ የተቀየረበትን ጊዜ ፈልጋ አገኘች። የሞተችበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ።

ሀሰኖ ከቆላ የተመለሰው በዚያው ሰሞን ነው። ጣቱ ሁሉ ቀለም ነው፤ ሲጠሩት ራሱ መጣ።

«የአስር ሰላት ልሰግድ ስነሣ ደወለችልኝ» አለ። «አዲስ ታፔላ አዝዛኝ ነበር። ‹ፈይሩዛ› ብዬ ጀምሬዋለሁ። ‹ተወው፣ አጥፋው› አለችኝ፤ ‹አሁን ነው የወሰንኩት፣ ሀሊሜ በለው። ለአረፋ እሰቅለዋለሁ፤ እናቴን ይዣት መጥቼ ከሥሩ አቆማታለሁ። አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር።›»

«ስትሞት ለምን አልመጣህም?»

«አደራ ብላኝ ሞተች። የሞተ ሰው አደራ ማን ይፈታዋል? ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ቆላ ወረድኩ፤ ከልቤ ግን አልደረቀልኝም። ታፔላውን ቤት ትቼው መተኛት አቃተኝ።» ዓይኑን አሸ። «ጌታዬ፣ ራሷን የምትገድል ሰው ታፔላ ታዛለች?»

ኢብሳ ወደ መስኮቱ ዞረ። አዴ ሀሊሜ ከዚያ ሆነው ይታያሉ።

«አታዝም» አለ። «አሁን ስማኝ ሮሐ። ያ መስመር የተወለደው ከአስር ሰላት ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አዲስ ገጽ የከፈተ ሰው አለ። እነዚህ ወረቀቶች ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው።»

«እንዴት ልጆች?»

«ጽሑፍ ቤት አዲስ ገጽ የሚከፍት አለ? ሁሉም የድሮውን ደብዳቤ ይከፍታል፣ ሆዱን አጥፍቶ ሌላ ይጽፍበታል። ግርጌውን ማንም አይነካውም። ከአንዱ ወደ አንዱ በፍላሽ ይሄዳል።» ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «እኛ አርሲዎች ልጅ ሆነን አባት መቁጠር እንማራለን። ማን የማን ልጅ፣ ማን የማን ልጅ፣ እስከ ጎሳው አባት። እነዚህንም እንቆጥራቸዋለን።»

«እኔ ከአያቴ አላልፍም» አለች ሮሐ።

«ዛሬ ታልፊያለሽ።»

ቆጠሩ። የሮቤዋ ጸሐፊ የስብሰባውን ጥሪ የጻፈችው በእድሩ ደንብ ላይ ነው። የእድሩ ደንብ የተጻፈው በመኪናው ውል ላይ ነው። ውሉ የተጻፈው ፊሊጶስ ቤት ነው።

ሮሐ ቀና አለች። «ምድጃውም የእሱ፣ ወረቀቱም የእሱ።»

ፊሊጶስን አመጡት። «ኧረ በእግዚአብሔር! እኔ ከፍላሽ ነው የወሰድኩት! አንድ መምህር ፈተና ሊያባዛ ይዞ መጣ። አደራደሩ ያምር ነበር፣ ለራሴ አስቀረሁት። ስርቆት ከሆነ እሰሩኝ፤ ሰው ግን አልገደልኩም።»

«የየት ፈተና?»

«የሳጉሬ። የሙንተሲር ሥራ ነው። ያኔ ደህና አድርጎ ይጽፍ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አበደ። ሁለት ገጽ አይጽፍም። ደንበኞቹ እኔ ጋ መጥተው አጉላልን ይላሉ፤ ፊደሉን እንደ ጤፍ አሳንሶ አንድ ገጽ ላይ ይጠቀጥቀዋል።»

ኢብሳና ሮሐ ተያዩ።

ሳጉሬ የገበያ ቀን ነበር። ጋሪዎች ገብስ ጭነው መንገዱን ዘግተዋል። ከሙንተሲር ሱቅ ጎን ወፍጮ ቤት አለ። ኢብሳ ወፍጮኛውን ስለዚያ ቀን ጠየቀው። «የፈይሩዛ መርዶ የመጣ ዋዜማ? መብራት ጠፍቶ እህል ሳይፈጭ አድሮብናል» አለ ሰውየው።

ሙንተሲር ብቻውን ነበር። ከስቷል። ሲያያቸው ተነሥቶ ወንበር አቀረበ።

«አዮ ደህና ናቸው?»

«ቆመዋል» አለ ኢብሳ። «ያን ቀን የጻፍከውን ፈተና ክፈትልኝ።»

ከፈተው። የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ባዶ ነው፤ ስልክ ቁጥር እንኳ የለም።

«ወደ ታች ውረድ።»

እጁ ማውሱ ላይ ቀረ።

«ውረድ፣ ሙንተሲር።»

«ከዚያ ወዲህ ወርጄ አላውቅም። ሰው ሲያወራ ሰማሁ። ሁለተኛው ላይ ትመጣለች ሲሉ። እኔ ሁለተኛ ገጽ አልከፍትም።»

ሮሐ ማውሱን ከእጁ ወሰደች። ገጹ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሸሸ። መስመሩ ከታች ወጣ። በፈይሩዛ ተጻፈ።

ሙንተሲር ወንበሩን ገፍቶ እስከ ግድግዳው ሄደ። «አጥፍቼው ነበር እኮ» አለ። «በእጄ አጥፍቼው ነበር። እሷ እዚያ ተኝታ።»

ውጭ አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ይሳደባል።

«የመጀመሪያውን ገጽ ነው ያጠፋኸው» አለች ሮሐ። «ያንን ለይታ እንደምትሠራ ረስተሃል። እሷ ናት ያስተማረችህ።»

ከዚያ ሳይጠይቁት ተናገረ። ተማሪዋ ሳለ የመሥሪያ ቤቶችን ሄደር ከኮምፒውተሯ ገልብጦ ወስዷል። በእነሱ ላይ የሐሰት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይሠራ ነበር። ያባረረችው ደንበኛ ሳያውቅ አጋለጠው። ደውላ ጠራችው፤ መጣ።

«አልጮኸችብኝም። ‹ነገ ራስህ ሄደህ ተናገር፤ አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ› አለችኝ። መድኃኒት ወስዳ ነበር፣ ዓይኗ ይከደናል። ሳጉሬ መብራት የለም፣ ፈተናዬን እዚህ ልጨርስ አልኳት። ‹ጨርስ። ስትወጣ በሩን ሳበው› ብላ ተኛች። ፈተናውን ጨረስኩ። ስወጣ የፊሊጶስን ምድጃ ደጅ ላይ አየሁት፤ ፍም ሆኗል። ጋቢውን እኔ ነኝ ያለበስኳት። እንዳይበርዳት።»

«ምድጃውን ካስገባህ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» አለ ኢብሳ።



አሰላ ሲመለሱ ጉሙ ወርዶ ጣቢያውን ሸፍኖታል። አዴ ሀሊሜ ቆመዋል። ኢብሳ ከመኪናው ወርዶ ፊታቸው ቆመ።

«አዮ፣ ራሷን አይደለም።»

«አይደለም?»

«አይደለም። ሰው ነው። ይዘነዋል።»

ማን እንደሆነ ሲነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እጄን ያስታጠበኝ ልጅ» አሉ። ከዚያ ስንቄያቸውን የጣቢያው ግድግዳ ላይ አስደገፉት፤ ከቆሙ ወዲህ ከእጃቸው ሲለይ ኢብሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ፖሊሶቹ በፊት ለፊቱ በር አንድ በአንድ ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ።

በሚቀጥሉት ቀናት ለቅሶ ቤቱ እንደ አዲስ ሞላ። ያኔ የሸሹት ጎረቤቶች ዓይናቸውን ሰብረው ገቡ። ሀሰኖ ታፔላውን ይዞ መጣ። አዴ ሀሊሜ ቀለሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«የቱ ነው ስሜ?»

ሀሰኖ ጣታቸውን ይዞ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አስኬደው። ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ሮሐ የምርመራውን ማጠቃለያ ጽፋ አትማ ወደ ኢብሳ ክፍል ገባች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«እየው።»

ገለጠ። ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ፦ ሀሊሜ የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ አሰላ። በፈይሩዛ ተጻፈ።

«ከኤግዚቢቱ ፋይል ላይ ጽፈሽበት ይሆናል።»

«ማርያምን! በእኛው ኮምፒውተር፣ ባዶ ገጽ ከፍቼ ነው የጀመርኩት። ፍላሽ አልነካሁም።» ወረቀቱን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። «አጥፍቼ ላትመው?»

ኢብሳ መስመሩን ለረጅም ጊዜ አየው። በመስኮቱ በኩል ባዶው በር ይታያል፤ ዛሬ ማንም አልቆመበትም።

«ተይው» አለ።

ፈረመ። ማኅተሙን አነሣ፣ ስሙን እንዳይሸፍነው ትንሽ ከፍ አድርጎ መታው።